የአባቴ ሽቦ

ግንቦት ነበር፤ የድሬ ሙቀት፣ ቆርቆሮው ጣሪያ ሲፈላ፣
የሴቶቹ ሽንት ቤት ታፈነ፤ ውሃው ወደ ላይ ሞላ።
ዳይሬክተሩ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፍኖ፣
«ቧንቧ ሠሪ ጥሩ!» አለ፣ ድምፁ በጨርቁ ታፍኖ።

የመጣው አባቴ ነበር።
ከገንደ ቆሬ በባጃጅ፣ ሽቦውን እንደ እባብ ጠቅልሎ፣
ቀይ የላስቲክ ጓንት በኪሱ፣ ባልዲ በክንዱ አንጠልጥሎ።

እኔ ከሰባተኛ «ለ»፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ፣
አየዋለሁ፣ የሒሳቡን ደብተር በግንባሩ ገልብጬ።
ሽቦው ገባ። ገባ። ገባ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ።
አባቴ ጉልበቱን ተክሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ደገመ።
ከዚያ ሳበ።
ድሮ ነጭ የነበረ፣ ጠጥቶ ያበጠ ትራስ፣
አንዱ ሌላውን አቅፎ፣ ተግተልትሎ ሲደርስ፣
ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ... መቁጠር ያቆምኩት ያኔ ነው፤
ስም አልተጻፈበትም እንጂ፣ ከነዚያ አንዱ የኔ ነው።

ማን አስተማረኝ? ሁሉም ሰው። ማንም።
ሂንዲያ፣ ከኋላ ወንበር፣ «ወረቀት አይደል እንዴ?» አለች፣
«ውሃ ሲነካው ይሟሟል»፤ እንደ ሐኪም እርግጠኛ ነበረች።
አክስቴ ኢፍቱ፣ «እንዳታቃጥዪ! እሳት ያየው ደም» አለችኝ፣
«ማህፀን ያደርቃል» ብላ፣ በዓይኗ ልጅ አልባ አረገችኝ።
የጎረቤታችን የወይዘሮ ስንዱ ምክር ደግሞ ሌላ ነው፤
«ውሻ ካሸተተው፣ ባልሽም እንደ ውሻው ዟሪ ነው።»
እናቴ ምንም አላለች። ጥቁር ፌስታል ሰጠችኝ፣
«ሲመሽ... ደቻቱ... ከአሸዋው ሥር»፣ ዓይን ዓይኔን ሳታየኝ።

ደቻቱ ደረቅ ወንዝ ነው፤ አሸዋ ነው ዓመቱን ሙሉ፣
ግመል ያልፍበታል፤ ኳስ ይመቱበታል የሰፈር ልጆች ሁሉ።
ምስጢር ስጡኝ ይላል። ይቀበላል። ዝም ይላል።
አንድ ቀን ግን፣ እኛ ዘንድ ጠርቶ ሳለ፣ ከላይ ደጋው ላይ ይዘንባል።
(ውሃው በሌሊት ሲመጣ ማንን ማንን እንደወሰደ
የድሬ ሰው ያውቃል፤ እሱን አልናገርም።)
እኔ የቀበርኩትን ጎርፉ ቆፍሮ አወጣው፤
ጠዋት፣ ከድልድዩ አጠገብ፣ እሾህ ላይ እንደ ልብስ አሰጣው።
ልጆች በእንጨት ሲነካኩት አየሁና በሌላ መንገድ ዞርኩ፤
ከዚያ ወዲህ ነው የሂንዲያን ምክር የያዝኩ።

ማታ አባቴ ገባ። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ።
ሩዙን በላ። ሬዲዮ ከፈተ፤ ዘጋ። አሰበ።
እኔ ግድግዳ ሆኛለሁ።
«ቧንቧ» አለ በመጨረሻ፣ ማንንም ሳያይ፣ ለሳህኑ፣
«ቧንቧ ጥርስ የለውም። አያኝክም።
ያ ነገር ወረቀት አይደለም፤ ውስጡ ላስቲክ አለ፤
ውሃ ይጠጣል እንጂ አይሟሟም።
አሸዋም አይበላውም። የኔ አጥንት ባክኖ ሲያልቅ
እሱ እዚያው ይጠብቃል።
ማቃጠልም...» ወደ አክስቴ ዞረ፣
«ጢሱ ነው እንጂ መጥፎው፣ ሌላው ተረት ነው።»
የእናቴ ማንኪያ ወደቀ።
«ተው አቦ! ነውር ነው! ዝም በል!» አለች ኢፍቱ።
«ዝም ስንል እኮ ነው» አለ አባቴ፣ «የሚደፈነው።»

በማግስቱ ከታይዋን ገበያ አረንጓዴ ባልዲ ገዛ፣
ክዳን ያለው። ከሽንት ቤቱ በር ጀርባ አኖረው፤
አጠገቡ ያደረ ጋዜጣ፣ በአራት በአራት የተቀደደ።
«ጠቅልሎ መክደን። ሐሙስ የቆሻሻ መኪና ይመጣል።»
ለማን እንደተናገረ አላወቅንም። ለበሩ መሰለኝ።
ክዳኑን ከዚያው ከሽቦው ቆርጦ፣ ጠምዝዞ አስሮታል፤
ለወይዘሮ ስንዱ ውሻ።
ለትምህርት ቤቱም፣ በደረሰኙ ላይ፣ ከድካሙ ዋጋ በታች፣
«ክዳን ያላቸው ባልዲዎች፣ አምስት» ብሎ ጻፈ።
ዳይሬክተሩ አነበበና አሳለው።

በመጀመሪያው ሐሙስ ባልዲውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።
ካሰብኩት በላይ ከበደኝ።
ሁለቱ ጥቅልሎች የኔ ነበሩ።
ስለቀሩት አልጠየቅሁም፤
እናቴና ኢፍቱ፣ ጎን ለጎን፣ መስኮቱ ጋ ቆመው
የሌለ ባጃጅ ይጠብቁ ነበር።